የአራስ ጥየቃችንና ገና ያልተጸነሰው ልጅ

በእኛ አካባቢ አራስ ሳትጠየቅ አትቀርም። ደብረ ማርቆስም ይሁን ደጀን፣ ቢቸናም ይሁን ሞጣ፣ ልጅ ተወለደ ሲባል ጎረቤት ገንፎውንና አጥሚቱን ይዞ ይመጣል። በልጁ ጆሮ አዛን ይባላል፣ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ይታረዳል፣ ስም ይወጣል። አልሐምዱሊላህ፣ መልካም ልማድ ነው። ግን ልጠይቃችሁ፤ ከዚያ ሁሉ ጠያቂ መካከል «ደምሽ ቀነሰልሽ ወይ? ትኩሳት ይሰማሻል? ቀጣዩን ልጅ መቼ ታስባላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አለ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ሆን ብዬ ነው የጨመርኩት። ብዙዎቻችን የአራስ ጉብኝት ለተወለደው ሕፃንና ለእናቱ ብቻ የሚጠቅም ይመስለናል። የእኔ አስተያየት ግን አራስ ቤት ውስጥ የሚነገረው ምክር ገና ላልተጸነሰው ልጅም ይተርፋል የሚል ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

እናት ልጅ ስትወልድ ደም ይፈሳታል፣ በሰውነቷ የነበረው ብረት ይጎድላል። ጡት ስታጠባ ደግሞ ከራሷ ቀንሳ ትሰጣለች። ይህ ሳይተካ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ብትጸንስ፣ ሁለተኛው ልጅ ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት በሕይወት ከተወለደ ልጅ በኋላ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል። በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ ማጥባቱን ማሟላት ለሚሻ የተጠቀሰውም ሁለት ሙሉ ዓመት እንደሆነ አንባቢያን ታውቃላችሁ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሶሓቦች ዐዝል ያደርጉ እንደነበርም በሐዲሥ ተዘግቧል። ልጅ አራርቆ መውለድን የባዕድ ሐሳብ አድርጎ የሚያየው ወንድም ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው። ዝርዝሩን ከኢማሙ ይጠይቅ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አለ፤ በየቤቱ ስለሚሰማ ቆም ልበልበት። «እያጠባሁ ነው፣ አልጸንስም» ይባላል። ይህ የሚሠራው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው። ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ሲሆን፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት በቀር ምንም ሳይሰጠው ሲቀር፣ የእናቲቱ የወር አበባም ገና ሳይመለስ ሲቀር። አንዱ ከጎደለ ዋስትናው የለም። የወር አበባ ሳይታይ የጸነሰች እናት ብዙ ናት። «እንዴት ሆነ?» ብላ የምትደነግጠው አራስ ቤት ሳለች ማንም ስላልነገራት ነው።

ሌላው የፎሊክ አሲድ ጉዳይ ነው። የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር መነሻ የሚዘጋው በተጸነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ እናቲቱ ማርገዟን እንኳ ላታውቅ ትችላለች። እርጉዝ መሆኗን ስታውቅ ጤና ጣቢያ ሄዳ ኪኒኑን ብትቀበል ለዚህ ጉዳይ ዘግይታለች። ታዲያ ከመጸነሷ በፊት ማን ይንገራት? በሁለቱ ልጆች መካከል ቤቷን የሚያንኳኳ ሰው ነዋ!

መንግሥት ይህን አንኳኪ አዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን መድቦ ቤት ለቤት እንዲሄዱ አድርጓል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በከተሞችም ነርሶች ለዚሁ ሥራ ተሰማርተዋል። «ባዕድ ወንድ ቤቴ እንዳይገባ» ለሚል አባወራ የገጠሯ መልእክተኛ ሴት መሆኗ መልስ ነው። ይሁንና ብዙ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙ እናቶች ከመቶ 17 ብቻ ነበሩ። በ2019ኙ ጥናት 34 ደርሰዋል። እጥፍ ሆነ እንበል፤ ግን ከሦስት እናቶች ሁለቱ ገና አልታዩም ማለት ነው።

የቤት ጉብኝት ሁሉን ይፈታል ብዬ አላታልላችሁም። በአሜሪካ ኤልማይራና ሜምፊስ በተባሉ ከተሞች ነርሶች ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድሃ እናቶችን እየሄዱ ሲያዩ፣ ሁለተኛው እርግዝና እንደዘገየ ተመዝግቧል። በእንግሊዝ ይኸው አሠራር ተሞክሮ ግን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና በመጸነስ ረገድ ለውጥ አልተገኘበትም። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። እኔ እንደሚመስለኝ በእንግሊዝ ያልተጎበኘችውም እናት ቀድሞውኑ ሐኪምና ጎብኚ ነርስ ነበራት። ከጮቄ ሥር ባለች መንደር የምትኖር እናት ግን ጎብኚ ካልመጣላት ማንም የላትም።

ለዚህ ነው ጉዳዩን ወደ መስጂዳችን የማመጣው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ የጤና ሠራተኛዋ ልትደርስ ያልቻለችበት ቤት አለ። ጎረቤት ግን ይደርሳል። የየመስጂዱ የሴቶች ጀመዓ ሁለት ሦስት እህቶችን መርጦ በጤና ባለሙያ ቢያሠለጥን፣ እነሱም በሦስተኛው ቀን፣ በአቂቃው ሰሞንና በስድስተኛው ሳምንት ቢሄዱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሐኪም እንዲሆኑ አይደለም። ደም በብዛት ከፈሰሳት፣ ከተኮሳት፣ ራሷን ክፉኛ ካመማት ወይም ሕፃኑ መጥባት እምቢ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም እንዲወስዷት ነው።

ስለ ምግቡም ልናገር፤ ዓምዱ የዚያ ነውና። አቂቃ ስንበላ ሥጋው ለእንግዳ ያልቅና እናቲቱ ገንፎዋን ይዛ ትቀራለች። እባካችሁ ድርሻዋ ቀድሞ ይነሳላት። ምስርና ጎመንም ይቅረብላት። ሻይና ቡና ግን ከምግቡ ጋር አይሁን፤ ብረቱ ወደ ሰውነቷ እንዳይገባ ያግዳሉና ትንሽ ይቆይ። ለሕፃኑ ተሕኒክ ሱንና ነው፤ እጅን በሳሙና ታጥቦ የለሰለሰ ተምር ላንቃውን መንካት ነው። እሱን ሰበብ አድርገን ቅቤና የስኳር ውኃ ማስዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እንገሩም አይደፋ፤ ለሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባቱ እንደማለት ነው።

አባቶች ሆይ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ እናንተን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የጤና ሠራተኛዋ ስትመጣ ወጥታችሁ አትሂዱ። በ45ኛው ቀን ሕፃኑ ለክትባት ሲወሰድም አብራችሁ ሂዱ። ስለ ቀጣዩ ልጅ የምትነጋገሩት በዚያው ቀን፣ ባለሙያዋ ፊት፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት ይሁን።