ከጮቄ ጫፍ በፊት

ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ የሚወጣ ተጓዥ መጀመሪያ የገብስና የድንች ማሳ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ጅብራ ይቀበለዋል። ከዚያ በሣር ሥር ሲንሿሿ የቆየ ቀጭን ጅረት መንገዱን ያቋርጠዋል። እጁን የነከረ ቶሎ ያወጣል፤ ውሃው ጣት ያደነዝዛል። ፊቱን ታጥቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ዓይኑን ወደ ጫፉ ያነሣል።

ጫማውን ያራሰውን ረግረግ ግን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው።

ጮቄ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ቢልም በበጋ ቀልጦ ወንዝ የሚመግብ የበረዶ ግግር የለውም። ጅረቱን የሚያኖረው የክረምቱ ዝናብ ነው። ጓሳው፣ ጨፌውና ጥቁሩ አፈር ዝናቡን መጥጠው ይይዙና በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቁታል። ሙጋም፣ ተምጫም፣ ደብረ ማርቆስን ታክኮ የሚያልፈው ጨሞጋም ከዚሁ ተራራ ተነሥተው፣ ዞሮ ዞሮ አባይ ይገባሉ።

ይህ የውሃ ጎተራ እየሳሳ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የታተመ የሳተላይት ምስል ጥናት፣ ከ1986 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በጮቄና አካባቢው 607 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አነስተኛ እርጥበት ያለው ወቅታዊ ረግረግ መጥፋቱን አሳይቷል። ወልደአምላክ በውቀት ከባልደረባቸው ጋር በ2005 ያወጡት ጥናት ደግሞ የጨሞጋ የበጋ ፍሰት ከ1960 እስከ 1999 መቀነሱን አረጋግጧል። የዕፅዋት መመንጠር፣ የእርሻ መስፋፋት፣ ልቅ ግጦሽና ባሕር ዛፍ በምክንያትነት ተጠቅሰዋል።

ገበሬውን መውቀስ ይቀላል። ማረሻውን ወደ ውርጩ ያወጣው ግን የመሬት ጥበት ነው፤ “አትረስ፣ አታግጥ” የሚል ሁሉ ምትኩን ይዞ ይምጣ።

ምትኩ አሁን በእጅ ያለ ይመስላል። በ2022 የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄን ኢኮ መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ በማረፊያ ቤትና በመንገድ ብቻ ካለቀ ግን ረግረጉ ምንም አላተረፈም። ከብቱን ከምንጩ ራስ ላራቀ ገበሬ ድርሻው በቅድሚያ ሊታሰብለት ይገባል።

ሐሳቡ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። መንዞች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጓሳቸውን ለዘመናት ጠብቀዋል፤ ሣሩ ሲዘጋ ሁሉም ይታቀብ፣ ሲከፈት ሁሉም ይጠቀም ነበር። ጮቄ ላይ የጎደለው እንዲህ ያለ ስምምነትና መታቀቡን የሚክስ ገቢ ነው።

የሚቀጥለው ተጓዥ ለመሪና ለበቅሎ ሲከፍል፣ ከዚያ ብር ስንቱ ከምንጩ በላይ ለሚኖረው ገበሬ እንደሚደርስ ሮብ ገበያ ላይ ቆም ብሎ ይጠይቅ።