ሠርቶ የመለወጥ ስብከትና የገርጂ ካርታ

«ድህነት የአስተሳሰብ ነው» የሚለው ትምህርት ከተማችንን ከወረረ ሰንብቷል። መግቢያ አስከፍሎ አዳራሽ የሚሞላው አነቃቂ ተናጋሪም፣ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ስለ አመለካከት ለውጥ ሥልጠና የሚሰጠው ኃላፊም የሚሉት አንድ ነው፦ ማልደህ ተነሣ፣ ቆጥብ፣ ሥራ አትናቅ፤ ትለወጣለህ። ምክሩ ክፋት የለውም። ክፋቱ የሚመጣው ምክሩ ወደ ፍርድ ሲዞር ነው፤ ያልተለወጠ ሁሉ ሰነፍ ነው ሲባል።

ይህን ፍርድ ለመመርመር የአዲስ አበባው ገርጂ ጥሩ ቦታ ነው። ከኢምፔሪያል ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ቪላው፣ ሰርቪስ ቤቱ፣ ኮንዶሚኒየሙና አዲሱ ፎቅ ተጠጋግተው ይታያሉ። ነገሩ ማልዶ በመነሣት ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን በር ላይ ተቀምጦ የሚያነጋው የጥበቃ ሠራተኛና ከምጣድ ሥር የማትነሣው እንጀራ ጋጋሪ ከቪላው ባለቤት ቀድመው በበለጸጉ ነበር። ቪላውን የሠራው ሰው አልሠራም፣ አልለፋም እያልኩ አይደለም። ልዩነቱን ያመጣው ልፋቱ አይደለም ነው የምለው።

ሁለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችን እናስብ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ደመወዛቸውም ትምህርታቸውም እኩል ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ይፈቅድ ነበር። አንደኛው የቤት ሥራ ማኅበር ውስጥ ገባና በከተማው ዳርቻ ቦታ ደረሰው። ሁለተኛው መኻል ከተማ በርካሽ የቀበሌ ቤት ይኖር ስለነበር ለጅብ ጎረቤት መሆን አልፈለገም። በጊዜው ብልጡ ሁለተኛው ይመስል ነበር። ከዚያ በ1986 የሊዝ አዋጅ መጣ፤ ቦታ በጨረታ ሆነ። ቀለበት መንገዱ ተሠራ፣ አስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ፣ ዳርቻ የነበረው መኻል ሆነ። ዛሬ የአንደኛው ልጆች አከራይ ናቸው። የሁለተኛው ልጅ ደግሞ አባቱ ይኖርበት የነበረው ሰፈር ለልማት ፈርሶ፣ በእነዚያ አከራዮች ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖር ይሆናል። በአባቶቻቸው መካከል የአስተሳሰብ ልዩነት ፈልጉ ብባል የማገኘው አንድ ማመልከቻ ብቻ ነው።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40። መንገዱን የሠራው፣ ውኃውንና መብራቱን ያስገባው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ከዚህ ሁሉ የተነሣ የቦታው ዋጋ ሲያድግ ግን ዕድገቱ የሚገባው ካርታው ላይ ስሙ ወደተጻፈው ሰው ኪስ ነው። ተከራዩ በግብሩ ያሠራው መንገድ ሲመረቅ «አካባቢው አድጓል» ተብሎ ኪራይ ይጨመርበታል። አሜሪካዊው ሄንሪ ጆርጅ በ1879 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሥልጣኔ እያደገ ድህነት ለምን አብሮት ያድጋል ብሎ ጠይቆ ጥፋቱን ያገኘው እዚሁ፣ መሬቱ ላይ ነበር። የሚገርመው እሱ የጻፈው መሬት የግል ስለሆነበት አገር ነው። እኛ መሬቱን የሕዝብ አድርገን ትርፉን ለግለሰብ መተዋችን የራሳችን ፈጠራ ነው።

መንግሥት ይህን ሳያይ ቀርቶ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ሙከራ የተጀመረው እዚሁ ቦሌ ገርጂ፣ በ1996 ገደማ፣ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ ነው። በፕሮግራሙ መጀመሪያ ስቱዲዮ 16,000 ብር ገደማ፣ ባለ ሦስት መኝታ ከ50,000 ብር ጀምሮ ይተመን ነበር። ዛሬ በሚሊዮኖች ነው። ዕጣ የወጣለት ተለወጠ፤ ያልወጣለት ይጠብቃል። ከዕድለኞቹም መካከል ቅድሚያ ክፍያውና የባንኩ ዕዳ ከብዷቸው ቤቱን ለሌላ አከራይተው እነሱ ርካሽ ሰፈር የቀሩ ብዙ ናቸው። በ2005 ከ900,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። በሐምሌ 2014 ደግሞ ከ25,000 በላይ ቤቶች የወጡበት 14ኛው ዙር ዕጣ፣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። ስለ ጽናት የሚሰብከው ሰው እስቲ ለዚያ ቀን ተመዝጋቢ ምን ዓይነት አስተሳሰብ እንደጎደለው ይንገረው።

«ቆጥብ» የሚለውን እንመልከት። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። በተሻሻለው የገቢ ግብር 2,100 ብር፣ ለጡረታ 7 በመቶ ማለትም 805 ብር ይቆረጥበታል፤ 8,595 ብር ይዞ ይወጣል። ግማሹን ቢቆጥብ (ኪራይ ከፍሎ ግማሹን የሚቆጥብ ካለ ማለቴ ነው) አንድ ሚሊዮን ብር ለመድረስ ከ19 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አንድ ሚሊዮን ብር ዛሬም ገርጂ ላይ ስቱዲዮ አይገዛም። ገንዘቡም ባንክ ተቀምጦ አይጠብቀውም፤ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። የቆጠበው ተቀጣ ማለት ነው። ያተረፈው ተበድሮ ቤት የገዛው ነው፤ ለመበደር ደግሞ ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው መያዣ፣ ያው ካርታ ነው። በ2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትም መያዣ ይሁን የሚል አዋጅ ወጥቷል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የብድር ዕድገትን በ14 በመቶ ሲገድብ ግን በሩ ላይ የቀረው አዲሱ ተበዳሪ እንጂ የቆየው ደንበኛ አልነበረም።

ግብሩም ቢሆን ለላብ ጨካኝ፣ ለካርታ ደግሞ ርኅሩኅ ነው። ከ14,000 ብር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ ከእያንዳንዱ ብር 35 ሳንቲም ገና እጅ ሳይገባ ይቆረጣል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቤት ሸጦ በዋጋ ዕድገት ያተረፈ ሰው የሚከፍለው ከ15 በመቶ አይበልጥም። ይህን እያየ ለልጁ «ተማርና ተቀጠር» የሚል ወላጅ ልጁን ወደ ከባዱ ወገን እየላከው መሆኑን ማወቅ አለበት።

ከምንም ተነሥተው ባለ ፎቅ የሆኑ ሰዎችን የሚጠቅስልኝ አይጠፋም። አሉ፣ አውቃለሁ፤ በትንሽ ሱቅ ጀምረው ሕንጻ ያቆሙ። ነገር ግን ታሪካቸው ሲተረክ ስንት ሰዓት ይተኙ እንደነበር ይነገረናል እንጂ ቦታውን የያዙት በስንት ዓመተ ምሕረትና በስንት ብር እንደሆነ አይነገረንም። እሱ ከተነገረ ታሪኩ አርአያነቱ ይቀራል፤ ያ ዋጋ ለዛሬ ወጣት የለምና።

በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ቢያንስ ትክክለኛውን ቦታ ነክቷል። ባለቤቶች ሲጮኹ ሰምቻለሁ፤ ጡረታ ላይ ያለች፣ ከቤቷ ሌላ የሌላት እናት ብትጮህ ይገባኛል፣ ለሷ ማቃለያ ይደረግ። ሦስትና አራት ቤት ያለው ሰው ጩኸት ግን ሌላ ነው። የኪራይ አዋጁም በ2016 ወጥቶ የሁለት ዓመት ውልና ከሁለት ወር ያልበለጠ ቅድሚያ ክፍያ ደንግጓል፤ ተከራዩ ግን ደላላውን አልፎ ወረዳ ሄዶ አከራዩን ከከሰሰ በኋላ ወዴት እንደሚገባ አልደነገገለትም።

ለዚያ ለጥበቃ ሠራተኛውስ? በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ዓመታት አለፉ፤ የግሉ ዘርፍ ደመወዝ ዛሬም ወለል የለውም። የቀጠረው ኤጀንሲ ከባለ ቪላው የሚቀበለውና ለጥበቃው የሚሰጠው ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጥበቃው የሚያውቀው በወሩ መጨረሻ እጁ ላይ የሚደርሰውን ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ስለ አመለካከት ለውጥ ሥልጠና አለ ተብሎ ተጠርቷል።