ፎቶግራፉ ከእኛ፣ ሒሱ ከሌላ

ይህች ጋዜጣችን በስቴንስል ተጽፋ በማባዣ መኪና የምትወጣ ስለ ሆነች ፎቶግራፍ ማተም አይሆንላትም። አንድ ጊዜ ሞክረን ገጹ በሙሉ ጠቁሮ ቢወጣ አንባብያን ቀለም የተደፋበት መስሏቸው ነበር። ስለዚህ የዛሬው ርእሰ አንቀጻችን የሚነሣበትን ፎቶግራፍ በቃል ከመግለጽ በቀር ሌላ መንገድ የለንም።

ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ነው። ሰዎች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ብርሃኑ በጭሱና በአቧራው መካከል ያልፋል፤ ሳያስቡት ለተመለከተው ሰው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመስላል። የተጻፈበት የቦታው ስምና ዘመኑ ነው፤ ኮረም፣ 1984። ያነሣው ብራዚላዊው ሰባስቲያኦ ሳልጋዶ ነው፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. አርፏል። በሳህል አገሮች ድርቅ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ1986 ፈረንሳይ አገር በመጽሐፍ አሳትሟል፤ የሠራውም ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከተባለው ማኅበር ጋር ነበር።

ከቆቦ ተነሥቶ በአላማጣ በኩል የግራካሱን ዳገት በመኪና ለሚወጣ ሰው ኮረም ሩቅ አይደለችም። እኛ ከቆቦና ከራያ ቆላ የመጣን ተማሪዎች ግን ይህን ፎቶግራፍ ያየነው እዚህ፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በስልካችን ነው። መጽሐፉን በእጁ የያዘ ከመካከላችን አንድም የለም። ቤተ መጻሕፍታችንም የለውም።

ነገሩ የአንድ መጽሐፍ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ቀለም ባላፈሰስን ነበር። ያገራችን መልክ በሰው መሣሪያ መነሣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘልቅ በሐሸንጌ ሐይቅ በኩል አልፏል፤ ከጦሩም ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩበት። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ስትራብ ከዩኒቨርሲቲው መምህራን የተወሰኑት ወደዚያ ሄደው ያነሷቸው ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ለተማሪው ታይተዋል፤ ይህንም የተማሪ ማኅበር ጋዜጣ ሊረሳው አይገባም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚለውን ፊልም ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ የቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል በመካከሉ ተሰክቶበት ነበር፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በእንግሊዝ አገር እርዳታ ያሰባሰበው ሥዕል በአዲስ አበባ ዙፋን ለማውረድ ዋለ ማለት ነው። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ገበሬ ግን አንድ ነው፤ ለየትኛው ጉዳይ እንደ ዋለ የጠየቀውም የነገረውም የለም። ፊልሙ በእንግሊዝ አገር ከታየ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያነሣውና ማይክል በርክ የተናገረበት የኮረም ዜና በቢቢሲ ታየ፤ የዓለም ዘፋኞችም ተሰበሰቡ። ከዚያ ዘመን ፊልሞች ፊቷ ከታየ ሕፃናት ስሟን ዓለም ያወቀላት ብርሃን ወልዱ ናት፤ እርሷም እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን መድረክ ላይ ቆማ ታይታለች። የቀሩት ፊት ብቻ ሆነው ቀርተዋል።

በእነዚህ ፊቶች ላይ ሰፊ ሒስ ተጽፏል። ኢንግሪድ ሲሺ የተባለችው ሃያሲ እ.ኤ.አ. በ1991 ሳልጋዶ መከራን ያሳምራል ብላ ወቀሰችው። ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ፎቶግራፍ የጻፈቻቸውን ድርሰቶች በአንድ መጽሐፍ አውጥታ፣ የመከራ ሥዕል ሲደጋገም ልብን ያደነድናል ብላ ነበር። በ2003 ባሳተመችው ሌላ መጽሐፍ ግን የራሷን ቃል መልሳ መረመረችው፤ እውነት ስለ መሆኑም ተጠራጠረች። (እኛ በክርክር ክበባችን ውስጥ ባለፈው ሳምንት የተናገርነውን እንኳ ስንመልስ ታይተን አናውቅም።) በዚሁ መጽሐፍ ሳልጋዶ ስለ ስደተኞች ያሳተመውን ሥራ ስትነቅፍ አቅም የሌላቸው ሰዎች በስማቸው አለመጠራታቸውን ታነሣለች። ትክክል ናት። ይሁን እንጂ ስማቸውን ፈልጎ ማግኘት የሚችለው ኒው ዮርክ የተቀመጠ ሃያሲ አይደለም።

ባለፈው ዕረፍት አንድ ባልደረባችን ቆቦ ሲገባ ፎቶግራፉን ለአያቱ በስልክ አሳያቸው። በ1977 ዓ.ም. ልጅ አዝለው ወደ ኮረም በእግር ከወጡት አንዷ ናቸው። እንደ ጠበቀው አላለቀሱም። መነጽራቸውን አስመጥተው አተኩረው ካዩ በኋላ ስለ ብርድ ልብሱ ተናገሩ። «ይኼ ኋላ የመጣ ነው፤ እኛ ስንደርስ አልነበረም። ኮረም ደጋ ነው ልጄ፤ እኛ ከቆላ በነጠላ ነው የወጣነው። የኛን ሰው ከረሃቡ ይልቅ ሌሊቱ ፈጀው» አሉ። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ስትሆን ኮረም 2,500 ሜትር ገደማ ላይ እንደ ተቀመጠች በጂኦግራፊ ተምረናል፤ የተማርነው ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ ግን ያን ቀን ገባን። ባልደረባችን የትምህርቱ ነገር ሆኖበት የብርሃኑን ውበት ቢያሳያቸው፣ «እሱማ ጎሕ ሲቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ነበር የሞተው ካልሞተው የሚለየው» ብለው ስልኩን መለሱለት።

ውበቱ ነውር ነው፣ አይደለም በሚለው ክርክር ካነበብነው ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘንም። የእኚህ ሴት ንግግር ሒስ ነው፤ ጽፎ የያዘው አለመኖሩ ብቻ ነው ልዩነቱ።

በአዘጋጆቹ መካከል አለመስማማት እንደ ነበረ ልንሸሽግ አንወድም። ከፊሎቻችን በፎቶግራፎቹ ያሉትን ሰዎች ስም ከሽማግሌዎች ጠይቀን እንጻፍ አልን። ሌሎቹ ደግሞ በልመና ቀኑ የተነሣ ሰው ስሙ እንዲወጣበት ይፈልጋል ያለው ማን ነው አሉ። አያቲቱም ቢሆኑ «ስሜን እንዳታወጡ፤ የእርዳታ ልጅ መባልን የማይወድ ልጅ አለኝ» ብለዋል። በመጨረሻ የተስማማነው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አንድም ስም እንዳይታተም ነው፤ የተገኘው ስም ግን በደብተር ተጽፎ ይቀመጣል። ይህ ሁሉንም ያስደሰተ ውሳኔ አይደለም።

ደግሞም ራያ ማለት ኮረምና 1977 ብቻ አይደለም። በቆቦ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አስቡት፤ ከፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት የቆሙ ሙሽሮች፣ ጎፈሬውን አበጥሮ ዱላውን የያዘ ጎረምሳ፣ ለሶለል የተሠራች ልጅ። ገልብጣችሁ ጀርባውን ብታዩት ለማን እንደ ተሰጠ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን «መታሰቢያ ይሁንህ» እንዳለ በብዕር ተጽፏል። ዓለም ያወቃቸው ፎቶግራፎች ያጡት ስም በእነዚህ ላይ ሞልቷል። እነዚህም ቢሆኑ እያለቁ ነው፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው አልበም ይዞ አልወጣም። የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ፎቶግራፍ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ ታትሟል። የቆቦው ለምን አይሰበሰብም?

በአማርኛ የሒስ መጻሕፍት አሉን፤ የዘሪሁን አስፋውን «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» ያላነበበ የቋንቋ ተማሪ ጥቂት ነው። ወግም ቢሆን መስፍን ሀብተ ማርያም ጽፎልናል። ስለ ፎቶግራፍ በአማርኛ የተጻፈ ሒስ ግን በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ፈልገን አላገኘንም። ስለዚህ ማኅበሩ ከላይ የጠቀስናቸውን መጻሕፍት እንዲገዛልን ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፏል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

መልሱ እስኪመጣ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። በዚህ ክረምት ወደ ቆቦ፣ ወደ ሮቢት፣ ወደ አላማጣ የምትወርዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ማሽላው እስኪታጨድ የምትቆዩ አይደላችሁምና በነሐሴ ከሶለሉ ጨዋታ መልስ አንድ ምሽት ከአያቶቻችሁ ጋር ተቀመጡ። አንድ ፎቶግራፍ ከግድግዳ አውርዱ፤ ማን እንደ ሆነ፣ ልብሱን ከየት እንዳገኘው፣ ከፎቶግራፉ ውጭ ቆሞ የነበረው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ፎቶግራፉን ከቤቱ አታውጡት፤ የሰማችሁትን ጻፉ። በጥቅምቱ እትም ሁለት ገጽ ለዚሁ ይዘናል። «ግሩም ነው» እና «ያሳዝናል» ብቻ የሚል ጽሑፍ ግን አንቀበልም።

ደብተሩ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ከማባዣው መኪና አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። እስካሁን የተጻፈበት አንድ ገጽ ነው፤ ስለ ብርድ ልብሱና ስለ ጎሕ። አያቲቱ እንዳዘዙት ስም የለበትም።