የተመራማሪው ሰኔና ሰኞ

አበው መከራ በመከራ ላይ የተደራረበበትን ሰው ሲያዩ «ሰኔና ሰኞ ገጠመበት» ይላሉ። በዘመናችን ይህ አባባል ከማንም በላይ የሚስማማው በመንግሥት ገንዘብ ምርምር ለሚያካሂደው ኢትዮጵያዊ ነው። ሰኔ ለገበሬው የዘር ወር ነው፤ ለሒሳብ ሹሙ የመዝጊያ ወር ነው፤ ለምክር ቤቱ የበጀት ወር ነው። ተመራማሪው ግን ሦስቱንም በአንድ ትከሻ ይሸከማል። ማሳው «ዝራልኝ» ይለዋል፣ ሒሳብ ክፍሉ «አወራርድ» ይለዋል፣ ዕቅድ ክፍሉ «ዓመታዊ ሪፖርትህን አምጣ» ይለዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ተራ የቢሮ ጣጣ መስሎ ሊታይ ይችላል። አይደለም። ድሃ አገር ከአፏ ነጥላ ለዕውቀት ያወጣችው ገንዘብ ዕውቀት ሆኖ ይመለሳል ወይስ ወረቀት ሆኖ ይቀራል የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ጸሐፊ አቋም ግልጽ ነው፦ ችግሩ ሪፖርት መጠየቁ አይደለም፤ የሪፖርቱ ቀን ከሥራው ሳይሆን ከካዝናው መቆጠሩ ነው።

የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ ጉባኤ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 እንዲያበቃ ደንግጓል። እነሆ፣ ሰኔና ሰኞ በሕገ መንግሥታችንም ተገናኝተዋል! በዓመቱ ውስጥ ሥራ ላይ ያልዋለ የመንግሥት በጀት ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ይህ ሥርዓት ለደመወዝ፣ ለነዳጅና ለጽሕፈት መሣሪያ ይበጃል። ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል፤ ነዳጅም በየወሩ ይቀዳል። ዝናብና አዝመራ፣ የዓሣ ዕድገትና የከብት በሽታ ግን ለግምጃ ቤቱ የቀን መቁጠሪያ አይታዘዙም።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አዲስ አበባን እንደ መቀነት የከበቧትንና በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉትን ከተሞች መዞር ይበቃል። ከሰበታ እንጀምር። በዚያ የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ብሔራዊ የምርምር ማዕከል ይገኛል። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት፤ ቆሮሶ ደግሞ ሙቅ ውኃ የሚወድ ዓሣ ነው፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ዕድገቱ ይዘገያል። እንግዲህ አንድ ተመራማሪ በደጋ ኩሬ የቆሮሶን ዕድገት ሊያጠና ተነሣ እንበል። ብርዱንም ሙቀቱንም ያየ ሙሉ ዓመት ያስፈልገዋል። ገንዘቡ በኅዳር እጁ ቢገባ፣ ጫጩቶቹን በታኅሣሥ ኩሬ ውስጥ ቢጨምር፣ ሰኔ 30 ሲደርስ ዓሣዎቹ የኖሩት ሰባት ወር ብቻ ነው። የሐምሌንና የነሐሴን ብርድ ገና አላዩም። የዕቅድ ክፍሉ ቅጽ ግን «የተገኘ ውጤት» የሚል ዓምድ ከፍቶ ይጠብቃል። ዓሣው ሰኔ 30ን አያውቅም፤ ተመራማሪው ግን ማወቅ ግዴታው ነው።

ወደ ገላን እንሻገር። ገላንም ሰበታም የፋብሪካ ከተሞች ናቸው፤ ከአጥራቸው ሥር የሚወርደው ውኃ መዳረሻው የአዋሽ ተፋሰስ ነው። ይህ ውኃ በታች ላሉት ገበሬዎችና ከብቶቻቸው ምን ይዞ እንደሚወርድ የሚጠይቅ ጥናት ሁለት ጊዜ ናሙና መቅዳት አለበት፤ አንድ በክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ አንድ በበጋ ወንዙ ሲጎድል። ክረምቱ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ፣ ማለትም በበጀት ዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው። በጀት በጸደቀ ማግሥት ደግሞ ገንዘብ ተመራማሪው እጅ አይገባም፤ ድልድሉ፣ የድርጊት መርሐ ግብሩ፣ የግዥ ጥያቄው፣ ፊርማው፣ ማኅተሙ ይቀድማል። ገንዘቡ ሲደርስ ወንዙ ጎድሏል። ስለዚህ ወይ ጥናቱ በአንድ እግሩ ይቆማል፣ ወይ የክረምቱ ናሙና ለቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል። ቢተላለፍ «የዕቅዱን ግማሽ ብቻ የፈጸመ» ተብሎ የሚመዘገበው ማን ነው? ዘግይቶ ገንዘብ የላከው ቢሮ ሳይሆን ተመራማሪው ነው።

የሱሉልታ ሜዳ ሣርም ምስክር ነው። ሣሩ በክረምት አድጎ የሚታጨደው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰሞን ዝግጁ ያልሆነ የመኖ ጥናት ሌላ ዓመት መጠበቅ አለበት። በቡራዩ አልፎ ሆለታ፣ በገላን አልፎ ቢሾፍቱ የሚገኙት የግብርና ምርምር ማዕከላት ደግሞ ከዚህ የባሰውን ያውቁታል። የመኸር ሰብል በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ ዘሩና ማዳበሪያው መገዛት ያለበት ግን ከዚያ በፊት፣ አሮጌው በጀት ሊዘጋ ሲጣደፍና አዲሱ ገና ሳይከፈት ነው።

የቢሾፍቱው ምርምር ያበረከተልንን የ«ቁንጮ» ጤፍ እናስታውስ። የጤፍን አበባ በእጅ የማዳቀል ዘዴ የተገኘው በ1960ዎቹ ነው፤ በማዳቀል የተገኘው ቁንጮ ለገበሬው የተለቀቀው በ1998 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል አልፈዋል። ከእነዚያ ዓመታት የአንዱን ነጥለን በሰኔ 30 ሚዛን ብናስቀምጠው ምን ይመዝን ነበር? «ዘር ተዘራ፣ ተመረጠ፣ እንደገና ይዘራል» ከማለት ያለፈ ምን ሊጻፍ? ለዕለቱ ባለሥልጣን ይህ ውጤት አይደለም። ለአገር ግን እንጀራ ሆኗል።

ከዚህም የሚብስ አለ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችንን በክፉ ቀን የመታውና የበሬ ዘር ያጠፋው የደስታ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ለዓለም የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ያ አዋጅ እንዲወጣ የየአገሩ የእንስሳት ሐኪሞች በሽታው ከታጣ በኋላም ለዓመታት የከብት ደም እየቀዱ መርምረዋል፤ የሚፈልጉት መልስም «ምንም አልተገኘም» የሚል ነበር። ሰበታ የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ብሔራዊ ተቋም መቀመጫም ናትና ይህ ለከተማዋ ባዕድ ነገር አይደለም። በመቶኛ በሚመዝን ቅጽ ላይ ግን «ምንም» ማለት ዜሮ ነው። የሰው ልጅ በእንስሳት በሽታ ላይ የተቀዳጀው ታላቁ ድል በእኛ ቅጽ ቢሞላ ኖሮ «ዝቅተኛ አፈጻጸም» በተባለ ነበር።

እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚወልደው ምንድን ነው? ሁለት ነገር። አንደኛው የሰኔ ግዥና የሰኔ ሥልጠና ነው። ገንዘቡ ሊመለስ ስለሆነ ማሳ ላይ ሊወጣ ያልቻለው ብር ለቀለም፣ ለወረቀትና ለሆቴል አዳራሽ ይወጣል። ሒሳቡ ይዘጋል፤ «የፋይናንስ አፈጻጸም» ያማረ ይሆናል፤ የወንዙ ውኃ ግን አልተለካም። ሁለተኛው ከዚህም የከፋ ነው፤ የውሸት ቋንቋ ነው። «በመከናወን ላይ ይገኛል»፣ «በአመርቂ ሁኔታ ቀጥሏል»፣ «ከዕቅዱ 92 በመቶ ተከናውኗል» የሚሉ ሐረጎች ከዓመት ዓመት እየተገለበጡ ይጻፋሉ። የመቶ በመቶ ፍቅራችን የቆየ ነው፤ «ቢፒአር» በመጣ ጊዜም ነበር፤ «ቢኤስሲ» ሲተካም ጸና። ለመሆኑ የአንድ እውነት 92 በመቶ ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ሚዛንም ይደፋል። «ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ቀን ካልተቆረጠለት የሚበላው ይበዛል» ይባላል። እውነት ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለምክር ቤቱ በሚያቀርባቸው ዓመታዊ ሪፖርቶች በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ በተደጋጋሚ ሲነሣ እንሰማለን፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደሉም። የምርምር ገንዘብ ተቀብሎ አበሉን በልቶ፣ ውጤቱን ሳያሳይ ለሌላ ትምህርት ከአገር የወጣ ተመራማሪ የለም ብሎ የሚከራከር ሞኝ ነው። ሪፖርቱን እስከ መጨረሻዋ ሌሊት አቆይቶ የዓምናውን ፋይል ስም ለውጦ የሚልክም ሞልቷል። ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጠበቃ አይቆምም።

ነገር ግን ልብ እንበል፤ ሰኔ 30 የሚጎዳው የትኛውን ነው? አጭበርባሪውን አይደለም። አጭበርባሪው ደረሰኙን አሟልቶ፣ ዓምዱን ሞልቶ፣ በቀኑ ያስረክባል፤ የሚጽፈው ፈጠራ ስለሆነ ዝናብ አይጠብቅም። የሚዘገየው እውነቱን የሚጠብቀው ነው። ሐቀኛውን ቀጥቶ ቀጣፊውን የሚሸልም ቀነ ገደብ ደግሞ የቁጥጥር መሣሪያ ሊባል አይችልም።

ሌላም ያልተነገረ ጉድለት አለ። ቀነ ገደቡ የሚያስረው አንዱን ወገን ብቻ ነው። ተመራማሪው የሩብ ዓመት፣ የስድስት ወር፣ የዘጠኝ ወርና ዓመታዊ ሪፖርት ይጽፋል፤ ሪፖርቱን ተቀባዩ ክፍል አንብቦ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ ግን የሚያስገድደው የለም። የሁለተኛው ዙር ክፍያ ሪፖርቱ እስኪገመገም ይያዛል፤ ግምገማው ስብሰባ ይጠብቃል፤ ስብሰባው ሰብሳቢ ይጠብቃል። አንዳንዴም ሪፖርቱን የጠየቀው መሥሪያ ቤት ራሱ አይገኝም። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ2014 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመልሰዋል። በዚያው በ2011 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሆኗል። በመካከሉ የሦስት ዓመት ጥናት የጀመረ ሰው የመጀመሪያ ሪፖርቱን ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ የመጨረሻውን ለሌላ ያስረክባል። የጠያቂው ዕድሜ ከጥናቱ ዕድሜ ሲያጥር «ዘገየህ» የሚል ወቀሳ ምን ክብደት ይኖረዋል?

የሌሎችን ልምድ እንይ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ዓመታዊ ሪፖርት የሚጠይቀው የእያንዳንዱ ምርምር የበጀት ዘመን ከማብቃቱ 90 ቀናት በፊት ነው፤ ያሳለፈ ተመራማሪ ሪፖርቱን እስኪያቀርብ አዲስ ገንዘብ አይለቀቅለትም። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ቀኑ ግን የሚቆጠረው ከእያንዳንዱ ምርምር መነሻ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በምርምር ውሎቹ የሪፖርት ዘመኑን በየውሉ ይወስናል፤ ዘመኑ ካለቀ በኋላም ለመጻፊያ 60 ቀናት ይሰጣል። እነዚህ አገሮች ገንዘባቸውን አይወዱም የሚል ካለ ይነሣ። የሚወዱት ስለሆነ ነው ቀኑን ከሥራው ጋር ያሰሩት።

እኛስ? ዳገት የሚያስወጣ ሥራ አይደለም። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ምርምር የሪፖርት ቀን በውሉ ላይ፣ በጥናቱ ወቅት ተቆጥሮ ይጻፍ፤ የመኸር ጥናት አዝመራው ተወቅቶ ከተመዘነ በኋላ፣ የውኃ ጥናት ክረምትና በጋው ከተለካ በኋላ ይዘግብ። አንዴ ከተጻፈ ግን ይጽና፤ ያለ በቂ ምክንያት ያሳለፈ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ምክንያቱ ተመርምሮ የታመነበት የምርምር ገንዘብ ሰኔ 30ን ተሻግሮ እንዲሠራበት ሕጉ በር ይክፈት። ሦስተኛ፣ ቀነ ገደብ ለሁለቱም ወገን ይሁን፤ ሪፖርት በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ያልሰጠ ክፍል ክፍያ የመያዝ መብቱን ይጣ። አራተኛ፣ «አልተገኘም» እና «አልሠራም» የሚሉ መልሶች በቅጹ ላይ የክብር ቦታ ይኑራቸው፤ የማይሠራውን ማወቅም በገንዘብ የተገዛ ዕውቀት ነውና።

ገበሬው ዘሩን የሚዘራው ምድሩ ሲርስ ነው፤ ምርቱን የሚያስፈርውም ወቅቱ ሲደርስ ነው። ባለ መሬቱም ቢሆን በሐምሌ መጥቶ «ምርቴን አስረክበኝ» አይለውም። ከገበሬ ግብር ለተሠራ ምርምር ቢያንስ የገበሬውን ያህል ማስተዋል አይነሰን።

ቸር ይግጠመን።