«ካፈነኝ እነቃለሁ» ለምትሉ

ክረምት ሲሆን የቀጨኔን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከእንጦጦ ግርጌ ስለምንኖር ማታ ማታ አጥንት ድረስ ይገባል። እናላችሁ ቡና የፈላበት የከሰል ምድጃ ወደ ውጭ መውጣቱ ይቀርና እዚያው አልጋ ሥር ያድራል።

ሰሞኑን አንዲት አከራይ ተከራያቸውን ሲቆጡ ሰማሁ። «ልጄ፣ ያንን ከሰል አውጣው ብዬሃለሁ!» ይላሉ። ልጁ ደግሞ፣ «እማማ፣ ጭሱ እኮ አልቋል፤ ፍም ብቻ ነው የቀረው። ካፈነኝም እነቃለሁ» ይላቸዋል። እንዲህ የሚል ወጣት ብዙ ነው። ግን አይነቃም! ለምን እንደማይነቃ ልንገራችሁ።

እስቲ አሁኑኑ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ትንፋሻችሁን ያዙት። ብዙም ሳትቆዩ ደረታችሁ «ልተንፍስ!» ብሎ ያስጨንቃችኋል። አብዛኛው ሰው ኦክስጅን ያለቀበት ይመስለዋል። አይደለም፤ ደማችሁ ውስጥ ገና በቂ ኦክስጅን አለ። ዋናው አስጨናቂ ሳይወጣ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ይህ አየር ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። አምቦ ውሃ ምላስ የሚቆነጥጠው በዚሁ ነው። ከማጅራታችን ከፍ ብሎ፣ አንጎል ከሕብለ ሰረሰር ጋር በሚገናኝበት ግንድ ላይ፣ አሲዱን የሚቀምሱ ሕዋሳት አሉ። አሲዱ ትንሽ ሲጨምር «ቶሎ ቶሎ ተንፍስ!» ብለው ያዛሉ። ሲቀንስ ያረግባሉ። ተኝተንም ሥራ አያቆሙም። አተነፋፈሳችንን በዋናነት የሚያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን ሃልዴንና ፕሪስትሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት በ1905 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ከሰል የሚያወጣው ገዳይ ሌላ ነው። ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆንም ይወጣል። እንደ ዳይኦክሳይዱ ከውሃ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ስለማይሆን ያ የአንጎል ዘበኛ መምጣቱን አያውቅም።

ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን እንደ ሚኒባስ ታክሲ ቁጠሩት። ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ወንበሩን ይይዛል። «ወራጅ አለ» ብሎ ነገር የለም! ኦክስጅን ፌርማታ ላይ ተገትሮ ይቀራል። አንገታችን ላይ ኦክስጅን የሚቆጣጠሩ ሌሎች ሕዋሳት አሉ፤ ግን እነሱ የሚያዩት ፌርማታው ላይ የቆመውን፣ ማለትም ደም ውስጥ የሟሟውን ነው። እሱ ደግሞ አልጎደለም። ስለዚህ እነሱም ዝም። ሰውየው መታፈን ሳይሰማው ኦክስጅን ያልቅበታል።

ያልተኛ ሰው ምልክቱን ሊያውቀው ይችላል፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። የተኛ ግን ይህንን እንኳ አያይም። ሲብስ ደግሞ የነቃውም ሰው ልነሳ ቢል ጉልበቱ አይታዘዘውም።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ከቤት አውጡት፤ በረንዳ ላይም ከሆነ ከበርና ከመስኮት ራቅ ይበል። ከሰል ቤት ውስጥ ሲነድ በርና መስኮት ይከፈት። የታፈነ ሰው ካገኛችሁ ወተትና ሎሚ ፍለጋ አትሩጡ። በሩን በርግዱ፣ ሰውየውን ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡት፣ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት አድርሱት። ቢነቃና «ደህና ነኝ» ቢላችሁም አትስሙት፤ ኦክስጅን ሊሰጠው ይገባል።

ለብርዱ አንድ ብርድ ልብስ ደርቡ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!