የዓሣ ዱቄትና የአሳማ ግልገል

የአሳማ ግልገል ጡት በጣለ ሰሞን ሆዱ ገና አልጠናምና አኩሪ አተር ቢበዛበት ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ዕድገቱም ይገታል። የዓሣ ዱቄት ግን ከመቶው እጅ 60 ወይም 70 የሚሆነው ፕሮቲን ነው፤ ሥጋን የሚያንጸው ላይሲን የተባለው ነገርም በብዛት ይገኝበታል፤ ለደካማ ሆድም ይስማማል። የአውሮፓ ኅብረት በእብድ ላም በሽታ ምክንያት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የሥጋና የአጥንት ዱቄትን ከእንስሳት መኖ ሲከለክል፣ የዓሣውን ዱቄት ለአሳማ መፍቀዱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነገር ግን ዱቄቱ ከየት እንደሚመጣ ያልጠየቀ አርቢ ፍርዱ ጎዶሎ ነው። ለብዙ ዘመን ዱቄቱን ከሁሉ አብልጣ ለውጭ አገር የሸጠችው ፔሩ ናት፤ የምታወጣውም አንቾቬታ ከሚባለው ትንሽ ዓሣ ነው፤ ለ1 ኪሎ ዱቄት 4 ኪሎ ያህል ዓሣ ይፈጃል። ይህም ዓሣ ሰው ሊበላው የሚችል ነው። በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ የተጠመደበት ባሕር፣ ከልክ ያለፈ ማጥመድና ኤል ኒኞ የተባለው የውሃ መሞቅ ሲገናኙበት፣ በ1972ና በ1973 ዓሣው እጅግ ተመናመነ፤ በዓሣው የሚኖሩት የባሕር ወፎችም በረኃብ ረገፉ። በ2023 የፔሩ መንግሥት ያልደረሱ ዓሦች በዝተው ስላገኘ በሰሜንና በመካከለኛው ባሕሩ የዓመቱን የመጀመሪያ የማጥመጃ ወራት ሰረዘ። ፍርዱ ብዙ ዓሣ አጥማጆችን ሥራ ቢያሳጣም ተገቢ ነበር።

አሳማ ለማይበላ ሕዝብ ነገሩ የሩቅ ይመስል ይሆናል፤ ዶሮም ግን ይህንኑ ዱቄት ይመገባል።

ስለዚህ ዱቄቱ ግልገሉ ጡት ከጣለ በኋላ ላሉት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ተለክቶ ሊሰጥ ይገባል። ሆዱ ለጠና አሳማ እህልና አኩሪ አተር ይበቃዋል፤ ባለ ሥልጣኖችም የማጥመጃውን ልክ ሲወስኑ ከመኖ ነጋዴው አስቀድመው የባሕሩን ሊቃውንት ይስሙ።