«ኃይል ጨምሮ መጣ» ማለት መልስ አይደለም

መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ቆላ ድባም ሆነ ጎንደር ከተማ፣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሮጠው የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ሶኬት ለመንቀል ነው። ያልደረሰበት ዕቃው ይቃጠላል። «ኃይል ጨምሮ መጣ» ይባላል፤ ዕቃው ወደ ጠጋኝ ይሄዳል፤ ጉዳዩም እዚያው ይዘጋል። ኃይል ግን ከመሬት ተነስቶ አይጨምርም። የሆነ ቦታ ላይ አንድ ሽቦ ለቆ ሊሆን ይችላል።

ሲሪየስና ፓራለል በተቀላቀሉበት ሰርኪዩት ውስጥ አንዱ ሬዚስተር ቢበጠስ ቮልቴጁ ምን ይሆናል? ተማሪ ለፈተና ብሎ የሚሸመድደው ጥያቄ ነው። ሰፈራችን ራሱ ግን ያ ሰርኪዩት ነው። ከትራንስፎርመር የሚመጣው ረጅሙ ሽቦ ሲሪየስ ነው፤ ቤቶቻችን ፓራለል ተቀጥለውበታል።

የጎረቤት ምጣድ ሲሰካ አምፖላችሁ የሚፈዘው ለዚህ ነው። ሽቦው 2 ኦም፣ ምጣዱ 14 ኦም ነው እንበል፤ ከ220 ቮልት እናንተ ጋ የሚደርሰው 192 ገደማ ይሆናል። የምጣዱ ሽቦ ቢበጠስ መንገድ ላይ ይቀር የነበረው 28 ቮልት ተመልሶ ይመጣል፤ አምፖሉ ይደምቃል። እናንተን አይጎዳም። ምጣዱ ግን ቢቀዘቅዝም አልሞተም። ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ ሙሉው ቮልቴጅ የተበጠሰው ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ እጅ ይጠብቃል።

ከባዱ የጋራው ኒውትራል ሲለቅ ነው። በአገራችን በፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት አለ። ቤቶች በሦስቱ ፌዞች ተከፋፍለው አንዱን ኒውትራል ይጋራሉ። እሱ ሲበጠስ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ሁለት ቤቶች ሲሪየስ ይሆኑና 380ውን ይካፈላሉ፤ ብዙ ኦም ያለው ብዙ ቮልት ይደርሰዋል። አንዱ ቤት ያንኑ ምጣድ ሰክቷል፤ ሌላው ቤት ያለው ቴሌቪዥንና አምፖል ተደምሮ 100 ዋት፣ ማለትም 484 ኦም ነው። ሦስተኛውን ፌዝ ለጊዜው ትተን ስናሰላው ምጣዱ ላይ 11 ቮልት ያህል ይቀራል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ 369 ያርፋል። እርግጥ ቴሌቪዥን እንደ ምጣድ ተራ ሬዚስተር አይደለም፤ ከመቃጠል ግን አያድነውም። ብሬከሩም አይወድቅም፤ የሚያልፈው ከ1 አምፔር በታች ነው። ተራ ብሬከር የሚቆጣጠረው አምፔርን እንጂ ቮልትን አይደለም።

ልብ በሉ፤ የተቃጠለበት ብዙ የተጠቀመው ቤት አይደለም። አንድ አምፖል ያበራችው አሮጊት ናት። እንዲህ ላለው ጉዳት «ከአቅም በላይ ስለተጠቀማችሁ ነው» የሚል መልስ ሲሰጥ ነገሩን ገልብጦታል።

መጋጠሚያ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይለቅም። አሉሚኒየምና መዳብ እንዲሁ ተጠምዘው ሲታሰሩ እርጥበትና ሙቀት እየበላቸው ይላላሉ፤ መብራት ይርገበገባል፤ አንዱ ቤት ሲደምቅ ሌላው ይፈዛል። ያን ጊዜ መጥቶ ማጥበቅ ፍሪጅ ከመተካት ይረክሳል።

ዕዳው የማን ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069 ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ኃላፊ ነው ይላል። የሰፈር መስመር እዚህ ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ያከራክራል። እኔ ግን ደንበኛ እንዳይነካው በተከለከለው ምሰሶ ላይ ለላላ ሽቦ ደንበኛው የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

ለመጠየቅ ግን ማስረጃ ይዞ ነው። ባለሙያ ቮልቱን ለክቶ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ፤ በዚያው ሰዓት የተቃጠለባቸው ጎረቤቶች አብረው ይፈርሙ፤ ጠጋኙም ምን እንደተቃጠለ በወረቀት ይስጥ። ለዛሬ ማታ ደግሞ፣ አምፖላችሁ ያለ ወትሮው ቦግ ካለና የጎረቤት ከፈዘዘ፣ ቆጣሪው ሥር ያለውን ዋናውን ብሬከር አጥፉና ለጎረቤትም ተናገሩ።